የልብስ ሰፊዋ የሙከራ ጉብኝት

ቅናት ከሰው ጋር ያረጃል የሚል ካለ ዋሽቷል። ጉልበት ይደክማል፣ ዓይን ይፈዛል፣ ጥርስ ይረግፋል፤ የቅናት ጥርስ ግን አይነቃነቅም። ልብስ ሰፊዋ ስልሳ ሦስት ዓመቷ ነው። አርባውን ያሳለፈችው መስኮቱ የአላፊ አግዳሚውን እግር ብቻ በሚያሳይ ምድር ቤት ውስጥ፣ የስፌት መኪናዋ ላይ አቀርቅራ ነው። በሰው ሀብት አልቀናችም፤ በሰው ባል አልቀናችም። በአንዲት ሴት ግን አንጀቷ እርር እስኪል ቀናች፤ በልጇ ባል እናት።

ያቺ ሴት ጡረታ የወጣች አስተማሪ ናት። ስትናገር ጠመኔ የያዘች ይመስል ጣቷን ታነሳለች። ከዚህ ሌላ ጥፋት የለባትም፤ ይሄ ነው ልብስ ሰፊዋን ይበልጥ የሚያበግናት።

የጋራ የልጅ ልጃቸው ስድስት ዓመቷ ነው። ጠዋት ዓይኗን ከገለጠችበት ጀምሮ ስለምትጠይቅ ስሟ ተረስቶ «ጥያቄ» ይሏታል። ለአስተማሪዋ ይህ ሲሳይ ነው። ልብስ ሰፊዋ ግን አንድ ቀን ጉድ ሆነች። ጥያቄ ከመኪናው ሥር ቁርጥራጭ ጨርቅ እየለቀመች፣

«አያቴ፣ ጥላዬ ለምን ጥቁር ሆነ? ቀሚሴ ቀይ አይደል?» አለቻት።

«እኔ እንጃ፣ የኔ እመቤት።»

«ተይው በቃ። ሌላዋን አያቴን እጠይቃታለሁ፤ እሷ ታውቃለች።»

ልጅ ናት፣ ክፋት የላትም። መርፌም ክፋት የለውም፤ ይወጋል እንጂ።

ቁስሉ ሳይሽር ሰኞ ዕለት ልጇ ከሥራ ስትመለስ ብቅ አለች። «ቅዳሜ ሁላችንም የልጆች ሙዚየም እንሄዳለን። ሦስት ሰዓት ላይ አውቶቡስ መሳፈሪያው ጋ እንገናኝ። እማማ ደግሞ ፕላኑን አውጥታልናለች።»

«የቷ እማማ?»

«የባሌ እናት ነቻ፣ እማዬ ደግሞ።»

ወረቀቱን ዘረጋችላት። በማስመሪያ የተሰመረ ሠንጠረዥ፣ ቀይና ሰማያዊ ቀለም። የአረፋ ክፍል፣ የጥላ ግድግዳ፣ የሰውነት ክፍሎች። ከየክፍሉ ፊት ለፊት «አስረጂ» የሚል ዓምድ አለ፤ ከላይ እስከ ታች «እኔ፣ እኔ፣ እኔ» ይላል። ግርጌው ላይ፦ «ኮትና ምሳ ዕቃ ጠባቂ፦ ልብስ ሰፊዋ አያት።»

«ኮት ጠባቂ ሆንኩ ማለት ነው።»

«እንዳይደክምሽ አስባልሽ እኮ ነው።»

«ታስብ። አሳቢ አያሳጣኝ።»

ልጇ ስትሄድ ልብስ ሰፊዋ መቀሷን አስቀምጣ ማሰላሰል ጀመረች። በሥራዋ አንድ ሕግ አላት፤ ሳታስለካ አትጨርስም። የሙሽራ ቀሚስ ይሁን የተማሪ ዩኒፎርም፣ መጀመሪያ በረጃጅም ስፌት አያይዛ ባለቤቱን ታለብሳለች። የጠበበውን ትለቃለች፣ የሰፋውን ትይዛለች፤ ደህናው ስፌት ከዚያ በኋላ ነው። «ጉብኝትስ ከልብስ በምን ይለያል?» አለች ለራሷ። «ቅዳሜ ሳይደርስ እለካዋለሁ።»

ማክሰኞ ሱቋን ዘግታ ሄደች። ሙዚየሙ በር ላይ ቲኬት ቆራጩ ከኋላዋ ሰው ፈለገ።

«ልጁስ፣ እማማ?»

«የምን ልጅ?»

«የልጆች ሙዚየም እኮ ነው። ልጅ ያልያዘ አዋቂ አይገባም፤ ደንብ ነው።»

«እኔም ልጅ ነበርኩ።»

«እሱንስ አምናለሁ። ግን ይዘውት አልመጡም።»

ሌላ ሰው ቢሆን ስቆ ይመለስና ቅዳሜን ይጠብቃል። ቅናት ግን ደንብ ሲያጋጥመው ዙሪያ ጥምጥም መሄድ እንጂ መመለስ አያውቅም። ከሱቋ አጠገብ ያለው ጫማ ሰፊ ሰባት ዓመት የሆናት ዝምተኛ ልጅ አለችው። «ሐሙስ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ላዝናናልህ» አለችው ልብስ ሰፊዋ። ሰውዬው መርቆ ሰጣት። በሩ ላይ «ማን ናት?» ሲሏት ዓይኗን ሳታሽ «የልጅ ልጄ ናት» አለች። የሌላ ሰው ልጅ ማዝናናት ጽድቅ ነው፤ ማንም አይነቅፈውም። ልጅን እንደ ጃንጥላ ይዞ መግባት ግን ነውር ነው፤ እሷም ታውቀዋለች።

ውስጥ እንደገባች የደንበኞቿን ልክ የምትጽፍበትን ደብተር አውጥታ አስጎብኚዋን ወጥራ ያዘቻት። አረፋ ለምን ይድቦለቦላል? ጥላ ለምን ይጠቁራል? መልሱን ከደረትና ከወገብ ልክ ሥር አሰፈረች፦ «አረፋ፦ ራሱን ከየጎኑ እኩል ስለሚስብ። ጥላ፦ ብርሃን ያልደረሰበት ቦታ፤ የቀሚስ ቀለም አያገባውም። የልጅ ጥርስ፦ ሃያ።»

«እማማ፣ ልንካው?» አለች የጫማ ሰፊው ልጅ።

«ቆይ የኔ ልጅ፣ ሥራ ላይ ነን።»

የጥላ ግድግዳው ጋ ደረሱ። ክፍሉ ይጨልማል፣ መብራት ቦግ ይላል፤ ሰው ዘወር ሲል ጥላው ግድግዳው ላይ ተጣብቆ ይቀራል። ሁለቱ እጅ ለእጅ ተያይዘው ቆሙ። ዘወር ቢሉ ጥላቸው እንደተያያዘ ቀርቷል። ዝምተኛዋ ልጅ በሳቅ ፈነዳች። ልብስ ሰፊዋም ደብተሯን ረስታ ሳቀች።

«የልጅ ልጅዎ ሳቋ ቁርጥ እርስዎን» አለች አስጎብኚዋ።

ቅዳሜ ደረሰ። ልብስ ሰፊዋ ኮቱን ሁሉ ሰብስባ ለልጇ ባል አሸከመችና ከፊት ገባች። አረፋ ክፍል ውስጥ ጥያቄ የአስተማሪዋን እጅ እንደያዘች፣ «ለምን ክብ ሆነ?» አለች።

አስተማሪዋ ጣቷን አነሳች። «እንግዲህ ይህ...»

«ራሱን ከየጎኑ እኩል ስለሚስብ ነው» አለች ልብስ ሰፊዋ። «አፉ ዙሪያውን እኩል የተሸበሸበ ከረጢት አስቢ።»

የልጅቷ አፍ ተከፈተ። የአስተማሪዋ ጣት አየር ላይ ቀረ። «ልክ ነው» አለች አስተማሪዋ። «ምሳሌውማ ከኔ ይሻላል።»

ጥያቄ ያንን እጅ ለቃ ይሄኛውን ያዘች። በአርባ ዓመት የሰፋቻቸው የሙሽራ ቀሚሶች ሁሉ ተደምረው ልብስ ሰፊዋን እንዲህ አላስደሰቷትም። የጥላ ግድግዳው ጋ ሲደርሱ ሳትጠየቅ ልትመልስ አፏን ከፈተች። አስጎብኚዋ ቀደመቻት።

«እንዴ እማማ፣ ደግመው መጡልን። የሐሙሷን የልጅ ልጅዎን ዛሬ አላመጧትም?»

ልጇ እናቷን አየች። አስተማሪዋ ግድግዳውን አየች። ጥያቄ እጇን ቀስ ብላ አላቀቀች።

«ሌላ የልጅ ልጅ አለሽ?»

«የለኝም። የጫማ ሰፊው ልጅ ናት። ልጅ ካልያዙ አያስገቡም፣ ላንቺ ብዬ ቀድሜ ላጠና...»

«ከኔ በፊት አመጣሻት?»

ልብስ ሰፊዋ ለዚህ ደብተሯ ውስጥ የጻፈችው ነገር የለም። «አዎ» አለች።

«አያትሽ እኮ የቤት ሥራዋን ሠርታ ነው የመጣችው» አለች አስተማሪዋ። «እንዲህ ያለ ተማሪ በዕድሜዬ ሁለት ቢገጥመኝ ነው።» እያፌዘች አልነበረም፤ ከልቧ ነው። ልብስ ሰፊዋ በደግነቷም ቀናችባት።

ጥያቄ ግን በምስጋና የምትደለል አልሆነችም። እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፣ «እሷ ያልገባችበት የቱ ነው?» አለች።

ሐሙስ የዘለሉት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ልጆች እየዳሁ የሚያልፉበት ጨለማ ዋሻ። ልብስ ሰፊዋ ጉልበቷን ፈርታ ነው የተወችው። በአገጯ አሳየቻት።

«እዚያ እንግባ። እኔና አንቺ ብቻ።»

«ዋሻው ፕላኑ ላይ የለም» አለች አስተማሪዋ። የሰማት የለም።

ልብስ ሰፊዋ ተንበረከከች። ውስጡ ድቅድቅ ያለ ጨለማ ነው፤ ግድግዳው በእጅ እንዲዳሰስ በየዓይነቱ ጨርቅ ተለብዷል። ጣቷ ገና ሲነካው አወቀው። «ይሄ ከፋይ ነው» አለች ደስ ብሏት። «ይሄኛው ሱፍ። ይሄ ደግሞ የተገለበጠ ቆዳ...»

«እሱን አልጠየቅኩሽም።»

ትንሽ ዳሁ።

«እሷን በየትኛው እጅሽ ያዝሻት?»

«በቀኙ።»

«እኔን በግራው ያዢኝ።»

ልብስ ሰፊዋ ድምፁን አወቀችው፤ የገዛ ራሷ የቅናት ድምፅ ነው፣ ስድስት ዓመት የሆነው። ግራ እጇን ሰጠቻትና በቀሪው እጇ እየተደገፈች፣ ጉልበቷ እየጮኸባት ቀጠለች።

«ደህና ናችሁ?» አለች አስተማሪዋ ከዋሻው አፍ።

«አትመልሺላት» አለች ጥያቄ።

አልመለሰችላትም።