ገና፣ ገና ነው

ባለቤቴ ፋርማሲስት ናት። ሆስፒታል ውስጥ መድኃኒት ታድላለች ይባል እንጂ ቀኑን የምታሳልፈው ካርቶን እያገላበጠች የአገልግሎት ጊዜው የሚያበቃበትን ቀን በማንበብ ነው። ይህን ልማዷን ይዛው ቤት ትገባለች። እኛ ቤት ጨው ሳይቀር ቀን ተጽፎበታል። የነቢያት ጾም ሳይገባ የገና ቅቤ ተነጥሮ ተቀምጧል፤ በርበሬው ተቀንጥሶ፣ ተደልዞ፣ ተፈጭቶ አልቋል።

እኔ ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ አስተምራለሁ። ስለ ጊዜ ለተማሪ ሳስረዳ አፌ አይያዝም። በዓል ላይ ግን እምነቴ አንድ ነው፦ ዋዜማ የተፈጠረው ለዝግጅት ነው። ከዋዜማ በፊት የሚዘጋጅ ሰው ዋዜማን ሥራ ያስፈታል።

ስለዚህ በየዓመቱ ኅዳር ላይ እኔና እሷ አንድ ዓይነት ንግግር እንለዋወጣለን።

«ገና ደረሰ እኮ» ትለኛለች።

«ኧረ ገና ነው!»

«እኔስ ምን አልኩ? ገና ነው!»

ከውጭ ሆኖ ለሚሰማን የተስማማን እንመስላለን።

ነገሩ የከረረው በቄጤማ ምክንያት ነው። አንድ ዓመት ሌላው ሁሉ ቀርቶልኝ ቄጤማ ብቻ እንዳመጣ ታዘዝኩ። በዋዜማው አመሻሽ ላይ ሰፈራችን አዘዞ ካለው ገበያ ስደርስ ሻጮቹ ሄደዋል። ባዶ እጄን ከምገባ ብዬ በኤርፖርቱ መንገድ ዳር፣ ቦይ ውስጥ የበቀለ ለምለም ሣር አጭጄ ገባሁ። ለዓይን ከቄጤማ አይለይም። ጠዋት እንግዶች ተሰብስበው አማቼ ማዕዱን ሊባርኩ ሲቆሙ ግን ከሣሩ ውስጥ ጉንዳን ወጣ።

አማቼ መሪጌታ ናቸው። በከተማው ካሉት አድባራት በአንዱ ባሕረ ሐሳብ ያስተምራሉ፤ ጾምና በዓል በየትኛው ቀን እንደሚውል የሚሰላበትን ትምህርት። እሳቸው ደግሞ የጀመሩትን ጸሎት አያቋርጡም። ጉንዳኑ በቀኝ እግራቸው ሲወጣ ቀኙን አነሱ፤ በግራ ሲወጣ ግራውን አነሱ። ቡራኬውን በአንድ እግራቸው ቆመው ጨረሱት። አንዲት ጎረቤታችን ነገሩ ትሩፋት መስሏት እንባዋ መጣ። ባለቤቴ ግን እኔን ነበር የምታየው።

በቀጣዩ ዓመት ኅዳር ሲገባ፣ «ገና ነው» እንዳልላት ቀደመችኝ።

«ዘንድሮ በዓሉ ያንተ ነው» አለች። «ከሽንኩርቱ እስከ በጉ። እኔ አላስታውስም፣ ትንፍሽ አልልም።»

«አንቺ? ትንፍሽ ሳትይ?»

«ትንፍሽ ካልኩ እስከ ዕድሜያችን ፍጻሜ በዓሉን በዋዜማ እናዘጋጃለን። አንተ ካልሞላልህ ደግሞ እስከ ዕድሜያችን ፍጻሜ እኔ በቆረጥኩት ቀን።»

ተጨባበጥን። እውነቱን ለመናገር ደስ ያለኝ እንደማሸንፍ አውቄ አልነበረም፤ ስለ በርበሬ ሳይወራ የሚያልፍ ኅዳር ከተጋባን ወዲህ አይቼ ስለማላውቅ ነው።

እሷ ግን ታመመች ማለት ይቻላል። ሽንኩርት የጫነ አይሱዙ በሰፈራችን ሲያልፍ በመስኮት እየሸኘች ከንፈሯን ትነክሳለች። ዶሮ የያዘ ሰው ካየች ፊቷን ታዞራለች። ቃሏን ጠበቀች። እኔም አዘንኩላት፤ አዝኜላት ግን በግ አልገዛሁም።

ታኅሣሥ እንደገባ አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አማቼን ልጠይቅ ሄድኩ። ጥቂት እንደተጨዋወትን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣

«ዘንድሮ ዮሐንስ ነው፤ እንግዲህ አትርሳ» አሉኝ።

ቅዱስ ዮሐንስ ሲባል እኔ የማውቀው እንቁጣጣሽን ነው። መስከረም ከጠባ ሦስት ወር አልፏል። ሽማግሌው በዓል ተምታታባቸው አልኩ በሆዴ። እንዳላሳፍራቸው ወደ ጆሯቸው ጠጋ ብዬ፣

«አባቴ፣ ዮሐንስማ አለፈ እኮ» አልኳቸው።

«አለፈ?»

«አዎ። መስከረም ላይ።»

«ካለፈማ መልካም» አሉና ዳዊታቸውን ገለጡ።

ቤት ገብቼ ለባለቤቴ እንዴት እንደምነግራት ጨነቀኝ። በመጨረሻ፣ «አባትሽ እያረጁ ነው፤ በዓላቱ ተቀላቅለውባቸዋል» ብዬ የተባባልነውን ነገርኳት። የነጠላዋን ጫፍ አፏ ውስጥ ከትታ ወደ ጓሮ ወጣች። ተከትያት ብወጣ ግድግዳ ተደግፋ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። አቀፍኳት። «ዕድሜ ነው፣ ምን ይደረጋል» አልኳት። ይባስ ተንቀጠቀጠች።

ከዚያ ዕቅዴን ነገርኳት። ገና በሃያ ዘጠኝ፣ ሰኞ ይውላል። እሑድ ዋዜማ ነው፤ ሥራ የለም። ሙሉ ቀን አለኝ፤ ማለዳ ወጥቼ ሁሉንም በአንድ ዙር ገዝቼ እገባለሁ። ይህን ስላት አፏን ከፈተች፤ መልሳ ገጠመችው፤ ሄዳ ሁለት ብርጭቆ ውኃ በላይ በላዩ ጠጣች። እኔም መሸነፏን ስለተቀበለች ነው ብዬ ተረጎምኩት።

ቅዳሜ ታኅሣሥ ሃያ ሰባት የፈተና ወረቀት አርሜ ጨረስኩና ከቀትር በኋላ ጠጉሬን ልስተካከል ወጣሁ። ፀጉር ቤቱ ሰው በሰው ላይ ነው። ቸኩሎ የማያውቅ ሰው ነኝና ወረፋዬን ጠብቄ ተቀመጥኩ። ፀጉር አስተካካዩ ቶንዶሱን በቀኝ ጎኔ ሽቅብ ሲያወጣው፣ ለወግ ያህል፣

«ምነው ዛሬ እንዲህ ሞላብህ?» አልኩት።

«ለነገ ነዋ።»

«ነገ ምን አለ?»

ቶንዶሱ ቆመ። «ገና ነዋ!»

«ኧረ ገናማ ገና ነው» አልኩ።

ከበሩ አጠገብ ወረፋ የሚጠብቁ አንድ አዛውንት ከዘራቸውን ተደግፈው ወደኔ አዘነበሉ።

«ልጄ፣ ዘመነ ዮሐንስ አይደል እንዴ? ጳጉሜን ስድስት ከሆነች በሚቀጥለው ዓመት ልደት በሃያ ስምንት ይውላል። በየአራት ዓመቱ እኮ ነው። ይህንንስ ሕፃንም አያጣው።»

ያኔ ዮሐንስ አለማለፉ ገባኝ። አማቼ የተናገሩት፣ የባለቤቴ ትከሻ፣ ሁለቱ ብርጭቆ ውኃ፣ ሁሉም ባንድ ጊዜ ገባኝ። ልብሱን ከአንገቴ ፈትቼ ብድግ አልኩ።

«ኧረ ግማሹ ቀርቷል!» ጮኸ ፀጉር አስተካካዩ።

«ይቅር!» ብዬ ወጣሁ።

ወደ ከተማ የሚወጣ ሚኒባስ ውስጥ ዘለልኩ። በቀኜ የተቀመጠች ሴት ቆዳው ድረስ የተላጨውን ጎኔን አይታ ሐዘን የደረሰብኝ መሰላት መሰለኝ፣ ደረቷን ይዛ «እግዜር ያጥናዎ» አለችኝ። በግራዬ ያለው ሰውዬ ደግሞ ሙሉ ጠጉሬን እያየ «እንኳን አደረሰህ» አለኝ። ሁለቱንም በአንድ «አሜን» ሸኘኋቸው።

ቅዳሜ ገበያ ስደርስ አሥር ሰዓት አልፏል። ከሽንኩርት ተራ የቀረው ልጣጭ ነው። ዶሮ ተራ ላይ የቀረው ላባ ነው። በግ ተራ ጫፍ ላይ ግን ከማክሰኝት በኩል የመጡ አንድ ገበሬ፣ በገመድ አንድ በግ ይዘው ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። በጉ አንድ ቀንዱ ተሰብሯል፤ ጢሙ የደብር አለቃ ያስመስለዋል።

«አያ፣ ይህ በግ ደኅና ነው?»

«ሸጋ በግ ነው!»

«ሸጋ ከሆነ ምነው ሌላው ሁሉ ተሽጦ እሱ ብቻውን ቀረ?»

ገበሬው ራሴን ከቀኝ ወደ ግራ፣ ከግራ ወደ ቀኝ አዩት።

«አንተስ ምነው ጠጉርህን ከመንገድ ተውኸው?»

በጉን ገዛሁ።

የሚኒባሶቹ ጣሪያ በቀደሙኝ ሰዎች በጎች ሞልቷል። አንድ ባጃጅ ተለምኖ እሺ አለ። እኔና በጉ ጎን ለጎን ተቀመጥን። እኔ ቀኝ ጎኔን እንዳያዩብኝ ወደ ውስጥ ሳዞር፣ እሱ ራሱን አውጥቶ መንገደኛውን ሁሉ እየጠራ ይሄዳል። ባጃጁ ፍጥነት በቀነሰ ቁጥር ሊወርድ ይታገለኛል። አዘዞ ስንደርስ ሱሪዬም፣ ወንበሩም፣ የባጃጁ ባለቤት ትዕግሥትም ከበጉ አልተረፉም። ሰውየው ሲሸኘኝ፣ «በሚቀጥለው ጊዜ እሱን ብቻውን ይላኩልኝ፤ ከሁለታችሁ እሱ ይሻላል» አለኝ።

ባለቤቴ በር ላይ ቆማለች። በጉን አየች። ራሴን አየች። አፏን በሁለት እጇ ያዘች። ያኔም ቢሆን ትንፍሽ አላለችም።

«ታውቂ ነበር?» አልኳት።

በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከተወለድኩ ጀምሮ» አለች። ከኅዳር ወዲህ ስለ በዓሉ የተነፈሰችው የመጀመሪያ ቃል ይህ ነው። ከዚያ ሳቋ አመለጣትና ደጃፉ ላይ ቁጭ አለች።

ሳቋ ሲበርድላት አዘነችልኝና ምሥጢሯን አወጣች። ለካ ኅዳር ሳይገባደድ ሁሉን አዘጋጅታለች። ከሁሉ የበለጠ ሙክት ገዝታ አባቷ ጓሮ አስራለች። ከጠየቅኳቸው አይዋሹም ብላ ለአባቷ እንኳ አልነገረቻቸውም፤ እሳቸው ቤተ ክርስቲያን ሳሉ አስራው፣ መኖውን አጠገቡ ቆልላ ወጥታለች። ሽንኩርቱም ተከትፎ፣ በበርበሬ ተቁላልቶ፣ ቀን ተጽፎበት ጎረቤታችን ፍሪጅ ውስጥ ነው።

«አሁን አትጨነቅ» አለችኝ፣ የአሸናፊ ደግነት በሞላበት ድምፅ። ስልኳን አነሳችና እኔም እንድሰማ ድምፁን ከፈተችው።

«አባባ፣ ያንን በግ ሰው ልኬ ላስወስደው ነበር።»

«የትኛውን በግ ልጄ?»

«ጓሮ የታሰረውን። ኅዳር ላይ።»

«ያንን ስእለት ነው የምትይው? ከነመኖው ታስሮ ባገኘው፣ ያሰረው ሰው ስሙ እንዳይታወቅ የፈለገ ነው ብዬ ለደብሩ አስረከብኩት እኮ። በገብርኤል ዕለት ጨረታ ወጣ። ሸጋ በግ ነበር! የባለ ስእለቱን ልብ እግዜር ይሙላለት ብዬ ጠዋት ጠዋት እጸልይለታለሁ።»

ባለቤቴ ዓይኖቿን ጨፈነች። «አባባ፣ ባለ ስእለቱ እኔ ነኝ።»

«እንግዲያማ ጸሎቱ ደርሶሻል» አሉ።

ጎረቤታችን ዘንድ ስንሄድ ሴትየዋ በሩን ከመክፈቷ በፊት ይቅርታ ትጠይቅ ጀመር። መብራት ሁለት ቀን ጠፍቶ ነበር። የፍሪጁ በር ሲከፈት ሦስታችንም ወደ ኋላ አልን። በዕቃው ላይ የባለቤቴ ጽሑፍ ጥርት ብሎ ይነበባል፤ ቀኑ ገና አላለፈም ይላል። እሷ እንዳስተማረችኝ ከንፈሬን ነከስኩ።

በዚያ አመሻሽ በሰፈሩ ሱቅ የቀረውን፣ ቀንበጥ ያወጣውን ሽንኩርት ገዝተን፣ ፊት ለፊት ተቀምጠን ከተፍነው። እሷ በፍጥነት ትከትፋለች፤ እኔ በዝግታ። ሁለታችንም እናለቅሳለን። ከተጋባን ጀምሮ በዓል አብረን ስናዘጋጅ የመጀመሪያችን ነበር። አንድ ጊዜ ቀና ብላ ራሴን አየችና መቀስ አምጥታ ግራውን ከቀኙ ልታመሳስለው ሞከረች። አልሆነላትም፤ ግን ሐሳቧ ደስ አለኝ።

አማቼ ከቅዳሴ ወጥተው ሊያስፈስኩን መጡ። ጠጉሬን አይተው እንዳላዩ ሆኑ፤ የካህን ትምህርት ያለው እዚህ ላይ ነው። ዶሮ የሌለበት ገና በማዕዳችን ቀረበ። በጉ ከንጋት ጀምሮ ተቀቅሏል፤ ሆኖም ለጥርስ እጅ አልሰጠም። አማቼ አንዲቱን ጉርሻ በትዕግሥት ሲያላምጡ፣ ሲያላምጡ ቆዩና፣

«ይህ በግ ከኔ ጋር ነው ድቁና የተቀበለው» አሉ።

ባለቤቴ ውርርዱን አንሥታ ይፍረዱልን አለቻቸው። እኔም ጥፋቴን አምኜ፣ እሷም ትንፍሽ አላለችም ብዬ መሰከርኩ። ሁለታችንንም ሰሙን፤ ውኃ ጠጡ፤ ጉርሻዋን በመጨረሻ ዋጡ።

«አንቺ ቀደምሽ፣ ግን በጉ ያንቺ መሆኑን ለሰው አልነገርሽም። አንተ ዘገየህ፣ የነገረህን ሰው ደግሞ አረጀ አልክ» አሉ። አረጀ ማለቴን ማን እንደነገራቸው ገና ሳስብ ባለቤቴ ወጡን ልታማስል ተነሣች። «ፍርዱ ይህ ነው፤ በዓሉ የሁለታችሁ ይሁን። አንተ ደግሞ እሑድ እሑድ እየመጣህ ቀን መቁጠር ተማር።»

ሄድኩ። የፊዚክስ መምህር ከመሆኔ የተነሣ ቀላል መስሎኝ ነበር። ወራት ሙሉ አበቅቴ በሚባለው የጨረቃ ስሌት ላይ ስዳክር ከረምኩ፤ እሳቸው በጣታቸው አንጓ ቆጥረው የሚጨርሱትን እኔ ሁለት ገጽ ወረቀት እጽፍበታለሁ። በመጨረሻ የሚመጣውን ዓመት ፋሲካ ለብቻዬ አስልቼ፣ በንጹሕ ወረቀት ገልብጬ ወሰድኩላቸው። መነጽራቸውን አደረጉ፤ ወረቀቱን ራቅ አድርገው ያዙት፤ ከላይ እስከ ታች በጣታቸው ተከተሉት።

«አሠራሩ ሸጋ ነው» አሉኝ። «ይህ ያገኘኸው ቀን ግን ማክሰኞ ነው።»