ድናለች ያልኩበት ቀን

ይህን ለሚስቴ አልተናገርኩም። ለነፍስ አባቴም አልተናገርኩም፤ ፊታቸው ተንበርክኬ ቁጣዬን፣ ስስቴን፣ በሰው ላይ የፈረድኩትን ስዘረዝር ይህችን ግን ምላሴ ሥር ደብቄ እመለስ ነበር። አሁን የምነግረው ለአንተ ለማላውቅህ አንባቢ ነው። ፊትህን ስለማላይ ይሆን የደፈርኩት? ከሆነ እሱንም ከኃጢአቴ ጋር ቁጠርልኝ።

ከእንጅባራ ወጣ ብዬ የምኖር ገበሬ ነኝ። ድንች እተክላለሁ፣ ዲከረንስ የሚባለውን ዛፍ ቆርጬ ከሰል አከስላለሁ። የትምህርት ቤት ደጅ አልረገጥኩም፤ ፊደል የለየሁት ጎልማሳ ሆኜ በራሴ ጥረት ነው። ሰው ሲጣላ ለሽምግልና እጠራለሁ። ልጆቼን ያሳደግሁት "ውሸታም ከሌባ ይብሳል፤ ሌባ ዕቃ ነው የሚወስደው" እያልኩ ነው። የመጀመሪያ ልጄ ትርንጎ ይህን እየሰማች አደገች።

ትርንጎ አሥረኛ ክፍል ስትደርስ መውደቅ ጀመረች። ቆማ እያወራች ዓይኗ ይገለበጥና ትወድቃለች፤ ወዲያው ደግሞ ትነሳለች። ጎረቤት የሚጥል በሽታ ነው አለ። እናቷ ጠበል ወሰደቻት። በኋላ እንጅባራ አንድ ሐኪም እጇን ይዞ ሰዓቱን እያየ ብዙ ቆየና፣ ልቧ በጣም ዝግ ብሎ ነው የሚመታው፣ እዚህ የምንሠራላት ነገር የለም ብሎ ወደ ባሕር ዳር ላከን።

ባሕር ዳር የልቧን ምት በወረቀት ላይ የሚያወጣ መሣሪያ ነበር። ወጣቱ ሐኪም ወረቀቱን ዘርግቶ አስረዳን። ልብን "ምታ" ብሎ የሚያዝ መስመር አለ፤ የእሷ ተበጥሷል። ለዚህ ክኒን አይሆንም። ከደረቷ በላይ ከቆዳ ሥር የሚቀመጥ፣ ልብን የሚያስመታ ባለ ባትሪ ትንሽ መሣሪያ ያስፈልጋታል። እርሻዬን ከነበሬው ብሸጥም አልገዛውም። ነገር ግን አልፎ አልፎ አዲስ አበባ እየመጡ በነጻ የሚያስገቡ የውጭ አገር ሐኪሞች ነበሩ። የሚያመጡት ያገለገለ ነው፤ ሰው ሲሞት ቤተሰቡ ፈቅዶ ከገላው ወጥቶ፣ ጸድቶና ተፈትሾ የሚመጣ።

እኔ ፊቴን አኮሳተርኩ። ትርንጎ ግን "ሟቹ ከተወው እኔ እቀጥልበታለሁ" አለች። ሐኪሙ ሳቀ። ተራ ያዘላትና የእኔን ስልክ ቁጥር ጻፈ። በቤታችን ሌላ ስልክ አልነበረም።

እኛ ዘንድ ሰው ሲሞት ልብሱ ለነፍሱ ተብሎ ለድሃ ይሰጣል። ቤተሰቡ አይለብሰውም፤ ራሱን የቻለ ሰውም አይቀበለውም። የሙት ልብስ የለበሰ ሰው ሲያልፍ "የማን ነበር?" ይባልበታል። አባቴ በልጅነቴ ስለሞተ እኔም እንዲህ ያለ ኩታ ለብሼ አድጌያለሁ፤ ጥያቄውንም ሰምቼዋለሁ። ዳግመኛ እንዳይጠየቅብኝ ነበር የዕድሜ ልክ ልፋቴ።

አንድ እሑድ ሰንበቴ ላይ ተቀምጠን ሳለ ሞላ የሚባል እኩያዬ "ስማ እንጂ፣ ለልጅህ የሞተ ፈረንጅ ዕቃ ልታስገባላት ነው አሉ" አለኝ። "ሌሊት በእንግሊዝኛ ብትለፈልፍ አንተው ታስተረጉማለህ፤ ፊደል የቆጠርክ አንተ ነህ።"

"አስተርጓሚስ ይገኛል" አለ ሌላው፤ "ሟቹ 'ዕቃዬን' ብሎ የመጣ ዕለት ነው ጉዱ።"

ሁሉም ሳቀ። ክፋት አልነበረባቸውም፤ እኔም በሌላው ስንቱን ቀልጃለሁ። ግን ጠላዬን ሳልጨርስ ተነሳሁ። የሙት ምጽዋት በልጄ ገላ ውስጥ? ነገ ማን ያገባታል? ለራሴ "ይህ የሃይማኖት ነገር ነው" አልኩ። ሃይማኖት አልነበረም። ሃይማኖት ከሆነ ቄሱን ለምን አልጠየቅሁም? "ይቻላል" እንዳይሉኝ ፈርቼ ነው።

ስልኩ የተደወለ ዕለት ዳንግላ ገበያ ነበርኩ፤ ወደ መናኸሪያው ጋሪ ልሳፈር ቆሜያለሁ። "የትርንጎ አባት ነዎት?" አለች አንዲት ሴት። ነኝ አልኳት። ሐኪሞቹ ስለመጡ የትርንጎ ተራ ደርሷል፣ በሚቀጥለው ሳምንት ይዘዋት ይምጡ አለችኝ።

"ድናለች" አልኩ።

"ድናለች?"

"በጠበል ድናለች።"

"ተመስገን" አለች፤ ከልቧ ነበር። "እንግዲያው ተራዋን ለሌላ ሰው ልስጠው?"

"ስጪው" አልኳት።

ባለጋሪው "ጋሼ፣ ይወጣሉ ወይስ ፈረሱ ቆሞ ይደር?" አለኝ። ወጣሁ። ልጄን በአንድ ቃል ሸጬ፣ ውሸቴን በጠበል ላይ ጭኜ፣ እንደ ማንኛውም ገበያተኛ ጋሪ ላይ ተቀምጬ ሄድኩ።

ቤት ስደርስ ትርንጎ በሩ ላይ ጠበቀችኝ። "አልደወሉም አባዬ?"

"አልደወሉም።"

እኛ ቤት ኔትወርክ የለም፤ የሚገኘው ከበላያችን ካለው ጉብታ ላይ ነው። እርሻ ስውል ስልኩን እየወሰደች እዚያ ትቀመጥ ጀመር። እንዳትወጪ ብላት "ለምን?" ልትለኝ ነው። ተውኳት። አቀበቱ ላይ በየመሐሉ እየቆመች ስትወጣ ከማሳዬ ሆኜ አያት ነበር። አያት ነበር። ምን ዓይነት ዓይን ቢኖረኝ ነው?

ክረምቱ ሳይገባ እዚያው ጉብታ ላይ ወደቀች፤ አልተነሳችም። ከሰል የሚያከስሉ ጎረቤቶች ተሸክመዋት ወረዱ። አንዱ ስልኩን ከሣሩ ላይ አንስቶ አቀበለኝ።

እናቷ "ድሃ ናት ብለው ረሷት" እያለች አለቀሰች። ለቀስተኛው ተቀበላት። እኔም "ድሃን ማን ያስታውሳል" አልኩ። አዎ፣ አልኩ። እርግጥ ነው፣ መንገዱ ሩቅ ነው። እንጅባራ መሣሪያው የለም፤ ባሕር ዳር ያለው በሽታውን ያሳያል እንጂ አያድንም፤ አዲስ አበባም ተራ ነው። ስንቱ ተራው ሳይደርስ ይሞታል። ይህ ሁሉ እውነት ነው፤ እኔ ግን እውነቱን ለውሸቴ ካባ አደረግሁት። ያስታወሷትን ሰዎች በልጄ ሬሳ ፊት አማሁ።

ይህንንም ይዤ በሞትኩ ነበር። ባለፈው ሰሞን ግን የጎረቤታችን ሚስት ይታይሽ መጣች። ባሏ እንደ ትርንጎ ይወድቃል፤ ባሕር ዳር ደርሰው ያንኑ ተብለዋል። "ተመዝገብ ቢሉት እምቢ አለ፤ 'ለትርንጎ ያልደወሉ ለእኔ ሊደውሉ ነው?' ይላል። እርስዎ ምን ይላሉ ጋሼ?" አለችኝ።

"ይመዝገብ" አልኳት።

"የእናንተን መቼ ጠሩና?"

ሚስቴ ከጓዳ "ልፋት ነው ልጄ፣ ጉልበታችሁን አትጨርሱ" አለቻት። ሁለቱም ወደ እኔ ተመለከቱ። እኔም፣ ሽማግሌው፣ መካሪው፣ መሬት መሬት አየሁ። ይታይሽ ነጠላዋን አጣፍታ ሄደች።

ስለዚህ ውሸቴ አንድ ሰው ገድሎ አልጠገበም። ሰውየው እስከ ትናንት ድረስ አልተመዘገበም። ይቅርታ እንድታደርግልኝ አልለምንህም፤ የበደልኩት አንተን አይደለም፣ የበደልኳትም መልስ አትሰጥም። አላወቅሁም ነበር አልልም፤ ሐኪሙ ሲያስረዳ ገብቶኛል። ይህን የጻፍኩት አፌን ላለማምድ ነው። አሁን ተነስቼ መጀመሪያ ለሚስቴ፣ ቀጥሎ እነ ይታይሽ ቤት ሄጄ ለባሏ የምናገረው ይህንኑ ነው፦ ደውለው ነበር። ድናለች ያልኩት እኔ ነኝ።