እናቴን ያስወጣንባቸው እሁዶች

ትናንት ጎረቤታችን የፕላስቲክ ምንጣፏን አጥባ የኮንዶሚኒየሙ በረንዳ ላይ አሰጣችው። ፀሐይ ሲያገኘው ያ የጋለ ፕላስቲክ ሽታ መጣብኝና ደረጃው መሐል ደርቄ ቀረሁ፤ አንድ ሰው «ምነው፣ አመመሽ?» እስኪለኝ ድረስ። ምን ልበልሽ፣ ጁባ ነበርኩ። የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ሆኜ፣ ምንጣፍ ጠቅልዬ፣ እናቴ ትወጣ እንደሆነ በር ላይ ቆሜ እየጠበቅኩ።

ካስተም ገበያ አጠገብ ትንሽ ምግብ ቤት ነበረችን። ከፊት ደንበኞች ይበላሉ፤ ከኋላ ባሉት ሁለት ክፍሎች አባቴ፣ እናቴ፣ የአምስት ዓመቱ ወንድሜና እኔ እንኖራለን። ሐምሌ 2008 ከተማው ውስጥ ተኩስ ሲከፈት ከዱቄት ጆንያዎች ኋላ ተጠጋግተን ተኛን። ዛሬም ዱቄት ሲሸተኝ ጆሮዬ ይቆማል። ተኩሱ በአራተኛው ቀን በረደ፤ እናቴ ግን ከዚያ ወዲያ ከግቢው አልወጣችም። ገበያ አባቴ ይሄዳል። ቤተ ክርስቲያን እንኳ ቀረች፤ እሁድ እሁድ ከበሩ ኋላ ቆማ ትጸልይ ነበር። ያገር ልጆች አንድ በአንድ ሲሄዱ አባቴ «ልጆቹን ይዘሽ አዲስ አበባ ግቢ» ቢላት፣ እስከ አውሮፕላን ማረፊያው ያለውን መንገድ ፈርታ እምቢ አለች። እኔ በልቤ ደስ አለኝ። ከአባቴ መለየት አልፈልግም ነበር።

መቀመጥ ግን አልቻልኩም። ያኔ እግሬ አርፎ አያውቅም። አባቴም ያው ነበር፤ ደንበኛ ሲጠፋ በጠረጴዛዎቹ መካከል ወዲያ ወዲህ ይላል፣ ቆሞ መንገዱን ያያል፣ እንደገና ይዞራል። በዓመቱ ነው መሰለኝ፣ እናቴን ሳናስወጣት አንከርምም ብዬ የተነሳሁት።

ወንዝ ዳር ያሉት ሆቴሎች አቅማችን አልነበሩም። ስለዚህ ምሳ ሊበላ የመጣውን ሁሉ እጠይቃለሁ፦ በነፃ የሚቀመጡበት ጥላ የት አለ? ወታደር የማይበዛው በየት በኩል ነው? አንድ የራክሻ ሹፌር ደንበኛ ነበረን፤ ራክሻ የሚሉት የእኛን ባጃጅ ነው። ጋምቤላ ያደገ፣ አማርኛው ከእኔ የሚበልጥ ሰው ነበር። «ምሳዬን ካበላችሁኝ የትም አደርሳችኋለሁ» አለ። ቅዳሜ ውሃ በጠርሙስ ሞልቼ ፍሪዘር ውስጥ እከታለሁ፤ እሁድ እንቁላል እቀቅልና በእንጀራ ሽሮ እጠቀልላለሁ። ሽርሽራችን ይኸው ነበር።

በመጀመሪያው እሁድ እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ እስከ በሩ መጣች። የብረቱን እጀታ ያዘች። «ራሴን አሞኛል» ብላ ተመለሰች። በሁለተኛው፣ ንያኩሮን የሚባል ሰፈር፣ ልጆች ኳስ የሚጫወቱበት ሜዳ ደረስን፤ ምንጣፉን ሳልዘረጋው «በቃ አየሁት፣ እንሂድ» አለች። በሦስተኛው ወደ ጀበል፣ ወደ ኮረብታው ሥር ሄድን። አንድ ወታደር መንገዱ ላይ ግንድ አጋድሞ ተቀምጧል። «አርጃ!» አለን በእጁ እያሳየ፤ ተመለሱ ማለቱ ነው። ሌላ ክፉ ነገር አልተናገረንም። እናቴ ግን ቤት እስክንገባ እጄን አልለቀቀችም፤ ጥፍሯ መዳፌ ላይ አራት ቀይ መስመር ትቶ ነበር።

በዚያ ቀን ጮህኩባት። «አንቺ ነሽ ያሰርሽን!» አልኳት። አባቴ አልተቆጣኝም፤ ወጥቶ መንገድ ዳር መንቆራጠጥ ጀመረ። እናቴ ሽንኩርት መክተፏን ቀጠለች።

ከዚያ በኋላ ስለ ሽርሽር ያነሳ አልነበረም። ወንድሜ በኩሽናውና በዕቃ ቤቱ መካከል ባለችው ጠባብ መተላለፊያ ይሮጥ ነበር፤ ሌላ የት ይሩጥ? አንድ ከሰዓት በኋላ ከሻይ ማንቆርቆሪያው ጋር ተጋጭቶ የፈላውን ውሃ ክንዱ ላይ ደፋው። ደግነቱ ብዙ አላቃጠለውም። እናቴ ክንዱን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ነክራ ይዛ፣ የመተላለፊያውን ግድግዳ ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣

«እሁድ ወዴት ነው የምትወስጂን?» አለችኝ።

ወንዙ ዳር ወሰድኳቸው። ሹፌሩ የሚያውቀው፣ ትልልቅ የማንጎ ዛፎች ያሉበት፣ ሴቶች ልብስ የሚያጥቡበት ቦታ ነበር። ብርሃኑ በቅጠሎቹ መካከል እየተንጠባጠበ ውሃው ላይ ይሰባበራል። ጭቃና የተጠበሰ ዓሣ ይሸታል። እናቴ ምንጣፉ ጫፍ ላይ ተቀመጠች፤ ጫማዋን አላወለቀችም። እኔ ሰዓት አያለሁ፣ አባቴ ሰዓት ያያል፣ ሁላችንም የሆነ ነገር የምንጠብቅ እንመስል ነበር።

ድንገት ከመንገዱ በኩል ድው አለ።

እናቴ ወንድሜንና እኔን ጎትታ ጭቃው ላይ ጣለችንና ከላያችን ተኛች። ልቧ ጀርባዬ ላይ ሲመታ ይሰማኝ ነበር። አንዲት ዓሣ ሻጭ መጥብሻዋን ትታ እየሮጠች መጣች። «ማማ፣ ላስቲክ! ላስቲክ ባስ!» ትላለች፣ የእናቴን ጀርባ እየደባበሰች።

«ምን ላስቲክ?» አለች እናቴ ቀና ሳትል። «ፌስታል እንዲህ ይጮሃል?»

«ጎማ ብቻ ነው፣ ሌላ አይደለም ማለቷ ነው፣ እትዬ» አለ ሹፌሩ። «የጭነት መኪና ጎማ ፈንድቶ ነው።»

እናቴ ተነስታ አየችን። ፊታችን ሁሉ ጭቃ ነበር። መጀመሪያ አለቀሰች፤ ከዚያ ልቅሶው መሐል ሳቅ መጣባት፣ ዓሣ ሻጯም አብራት ሳቀች። በዓመት ከምናምን ውስጥ ስትስቅ ስሰማት የመጀመሪያዬ ነበር። ጫማዋን አውልቃ፣ ነጠላዋን ልታጥብ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ወንዙ ውስጥ ገባች። «ሙቅ ነው እኮ!» አለች ወደ አባቴ ዞራ። አባቴ እንደዚያ ቀን ለረጅም ጊዜ ሳይነሳ የተቀመጠበትን ጊዜ አላስታውስም።

ከዚያ በኋላ እሁድ በመጣ ቁጥር ከሁላችን ቀድማ ራክሻው ውስጥ የምትገባው እሷ ሆነች። ቤተ ክርስቲያን ተመለሰች። ገበያ ወጥታ በጁባ አረብኛ ትከራከር ጀመር። እኔም ሥራዬን የጨረስኩ መስሎኝ ነበር።

በሚቀጥለው ዓመት ማንጎ ሲደርስ፣ እዚያው ዛፍ ሥር፣ እናቴ ለወንድሜ እየላጠችለት ቀና ሳትል፣ «ልጆቹን ይዤ አዲስ አበባ ልግባ» አለች።

«መንገዱን አትፈሪም?» አላት አባቴ።

«እፈራ ነበር። እዚህ ባንመጣ አሁንም እፈራ ነበር።»

አባቴ ተነስቶ ወንዙ ዳር ሄደ፣ ተመለሰ፣ እንደገና ሄደ። ሲመጣ አጠገቤ ተቀምጦ እጁን ራሴ ላይ ጫነ። «አንቺ ነሽ ያወጣሻት» አለኝ። ወቀሳ አልነበረበትም። እኔ ግን የጀመርኩትን ማንጎ መልሼ አስቀመጥኩት። አብረን እንድንቆይ ብዬ ነበርኮ የለፋሁት።

ሻንጣችንን ያደረሰልን ያው ሹፌር ነው። አባቴ ሥራውን ይዞ ቀረ፤ ዛሬም እዚያው ነው። አንዳንድ ዓመት ይመጣል፣ ሁለት ሳምንት ሳይሞላው እግሩ ይቅበጠበጥና ይመለሳል። ባለፈው እሁድ ደወለልኝ።

«ወንዝ ዳር ትሄዳለህ?» አልኩት።

«ማንን ይዤ?» አለኝ። ከኋላው የመኪና ጥሩምባ ይሰማል። «እናትሽስ?»

«የለችም፣ ወጥታለች። እሁድ ቤት ተገኝታ ታውቃለች?»

«ጎሽ» አለ። ስልኩን ግን አልዘጋውም። እኔም አልዘጋሁትም።