ልጄን የወሰደው ዕጩ፦ ከኮምቦልቻ እስከ ለሚ ኩራ

ረቡዕ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ከኮምቦልቻ መናኸሪያ ተነሳሁ። የሄድኩት ልጄን ለመመለስ ነው። ዘመድ ልጠይቅ ነው ብዬ ለጎረቤት ብናገርም ለእናንተ ግን አልዋሽም።

ልጄ ሐያት ሃያ አራት ዓመቷ ነው። አዲስ አበባ፣ ኢምፔሪያል አካባቢ በአንድ የስልክ መሸጫ ትሠራ ነበር። ከሦስት ሳምንት በፊት ደወለችና “አባዬ፣ ሥራዬን ለቅቄ የምርጫ ቅስቀሳ ውስጥ ገብቻለሁ” አለችኝ። የምትከተለው ሰው ዳግም ይባላል። ለአንድ የምክር ቤት ወንበር በግሉ የሚወዳደር የሠላሳ ስምንት ዓመት ጎልማሳ ነው። ወጣቶቹ ግን “ፕሬዚዳንቱ” ይሉታል። እኔ ሥነ ዜጋ ሳስተምር ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ፤ ስሙ ገና ከሩቅ ጎረበጠኝ። በእኛ አገር ፕሬዚዳንት በሕዝብ ድምፅ አይመረጥም። ለአንድ ወንበር የሚወዳደር ሰው እንዲህ ሲሉት ለምን አያርማቸውም? ይህን ጥያቄ የማስታወሻ ደብተሬ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ጻፍኩ።

ባለቤቴ ዘሀራ በሶ ቋጥራ ስትሰጠኝ “ሄደህ አትጩህባት። መጀመሪያ እይ” አለችኝ።

በመንገድ ላይ

የአውቶቡሱ ዋጋ አንድ ሺህ ሁለት መቶ ብር ነበር። ከሚሴ ስንደርስ የኤሌክትሪክ መሣሪያዎቹን በኬሻ የያዘ አንድ ወጣት አጠገቤ ተቀመጠ። ለሚ ኩራ የሕንፃ ሥራ አለ ተብሎ መሄዱ ነው። ሸዋሮቢትን አልፈን ፍተሻ ላይ ስንቆም ስልኩን አውጥቶ ቪዲዮ ማየት ጀመረ። ገልመጥ ብዬ ሳይ ዳግም ነው።

“ታውቀዋለህ?” አልኩት።

“በስልክ ነው ጋሼ። እንደኛ ነው የሚያወራው።”

“ምን እሠራለሁ ይላል?”

ትንሽ አሰበና ሳቀ። “እሱን እንኳ ልብ ብዬ አልሰማሁትም። አወራሩን ነው የወደድኩት።”

ይህንንም ጻፍኩ። ደብረ ሲና ላይ ቆሎ ገዛን። ጣርማበር ዳገቱን ስንወጣ ጉሙ መስኮቱን ሸፈነው፤ ሾፌሩ መብራት አብርቶ በዝግታ ነዳ። ደብረ ብርሃን ሽሮ በላን። አዲስ አበባ ላምበረት መናኸሪያ ስደርስ አሥር ሰዓት ሆኗል።

ሐያት የዳግም ፎቶ የታተመበት ነጭ ቲሸርት ለብሳ ቆማለች። አቀፈችኝ፤ ፎቶው ደረቴ ላይ ተጫነ። ከስታለች። ዓይኗ ግን ከዚህ በፊት አይቼው የማላውቀው ብርሃን አለው። ይህም አስፈራኝ፤ ሰው እንዲህ የሚበራው ወይ ሲያፈቅር ወይ ሲታለል ነው።

ሐሙስ፣ ኢምፔሪያል

ያደርኩት ሐያት ገርጂ ከጓደኛዋ ጋር በተከራየችው አንድ ክፍል ቤት ነው። ሦስት ሰዓት ላይ በእግራችን ኢምፔሪያል ወረድን። ሚኒባሶቹ ተደርድረዋል፤ ረዳቶቹ “መገናኛ! መገናኛ!” ይላሉ። ከመንገዱ ዳር ድምፅ ማጉያ ተተክሏል። ዳግም በእግሩ መጣ። መኪናው የት እንደቆመች ግን እኔ አይቻለሁ፤ ከማዞሪያው ባሻገር ሕንፃ ጥግ ነው ያቆሟት።

ቁመናው ያምራል፣ ድምፁ ሞቅ ያለ ነው። ረዳቶቹን በስማቸው እየጠራ ጨበጣቸው። አንድ ልጅ ስልኩን እያየ ከኋላው ስም ሲያንሾካሹክለትም አየሁ። እኔ ዘንድ ሲደርስ ጎንበስ ብሎ “ጋሽ ሰይድ፣ እንኳን ደህና መጡ። ሐያት ስለ እርስዎ ነግራኛለች” አለኝ። የእኔን ስም ማንም አላንሾካሾከለትም። ደስ አለኝ፤ ደስ ማለቴም አናደደኝ።

ከዚያ ማይክሮፎኑን ያዘ። “እናቴ ቲማቲም ሻጭ ነበረች” አለ። “ማዳበሪያ ዘርግታ አራት አራቱን ትደረድራለች። የተመታውን ከታች፣ ደህናውን ከላይ አታደርግም። ‘ሰው ያየውን ይግዛ’ ትላለች። ማታ ያልተሸጠውን እኛ እንበላለን። ቲማቲም ስንበላ ገበያው እንዳልቀናት እናውቃለን።”

መንገደኛው ሁሉ ቆመ። አንዱ ረዳት ዓይኑን በእጁ ጠራረገ። ለእኔ የማውቀው ወሬ መሰለኝ። በአገሩ ቲማቲም የምትሸጥ እናት ስንት አለች ብዬ ተውኩት።

ዓርብ ጠዋት፣ ሩዋንዳ

በማግስቱ እዚያው አዲስ አበባ፣ ሩዋንዳ በሚባለው ሰፈር፣ በአንድ የእንግዳ ማረፊያ አዳራሽ ስብሰባ ነበር። የመጡት የቢሮ ወጣቶች ናቸው፤ ባንክ የሚሠሩ፣ ሶፍትዌር የሚሠሩ። ማኪያቶው መቶ አምሳ ብር ነው። ዳግም እዚህ ኮት ለብሷል። ንግግሩም ግማሹ እንግሊዝኛ ሆነ።

“እናቴ ነርስ ናት” አለ። “ሠላሳ ዓመት ሌሊት ተረኛ ሆና ስትሠራ ሲስተም ሲበላሽ የሚጎዳው ማን እንደሆነ ከእሷ ተማርኩ።”

እስክሪብቶዬ ቆመ። ሐያትን አየኋት። ዓይኗን መሬት ላይ ተከለች። እንግዲህ ታውቃለች ማለት ነው! ከንዴቴ የተነሳ ማኪያቶውን ሳልጨርስ ወጣሁ።

ዓርብ ከሰዓት፣ ለሚ ኩራ

ሚኒባስ ቀይረን ኮንዶሚኒየሞቹ ጋ ደረስን። አስፋልቱ ያልቃል፤ ከዚያ ኮረት፣ ከዚያ አቧራ ነው። በጅምር ሕንፃዎቹ መሐል ሠራተኞች ምሳቸውን ጨርሰው ተቀምጠዋል። በየብሎኩ በር ላይ ቢጫ ጄሪካን ተሰልፏል። ዳግም ኮቱን አውልቆ እጅጌውን ሰብስቧል።

አንዲት ወጣት “ብትመረጥ ውሃ ታመጣለህ?” አለችው።

“አላመጣም” አላት። “አንድ ወንበር ውሃ አያመጣም። የት እንደቆመ ግን በየሳምንቱ እጠይቃለሁ፤ መልሱንም መጥቼ እዚሁ እነግራችኋለሁ።”

ጭብጨባው ቀለጠ። እውነት ለመናገር መልሱ ጥሩ ነበር፤ ለተማሪዎቼ ብዙ ጊዜ ያስተማርኩት ይህንኑ ነው። ጥሩ መሆኑ ግን ይበልጥ አጠራጠረኝ። እጄን አወጣሁ። ሐያት ክንዴን ያዘችኝ፤ “አባዬ፣ በአላህ!” አለች። ተነሳሁ።

“ልጄ፣ እናትህ ትናንት ኢምፔሪያል ላይ ቲማቲም ሻጭ ነበሩ። ዛሬ ጠዋት ሩዋንዳ ላይ ነርስ ሆኑ። አሁን እዚህስ ምን ናቸው?”

አንዳንዱ ሳቀ፤ አንዱ “ሽማግሌው ተልኮ ነው” አለ።  ዳግም ወዲያው ሐያትን አየ። እሷም አየችው። ሳቁ እየቀዘቀዘ ሄደ።

“እናቴ ነርስ ናት” አለ በመጨረሻ። “የቲማቲሙ የሌላ ሰው እናት ታሪክ ነው። የእኔ ብዬ መናገሬ ነውር ነው። ይቅርታ።”

ጥቂቶች ጄሪካናቸውን አንስተው ሄዱ። ከኋላ ግን አንድ ሰው አጨበጨበ፤ ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ ብዙው። ይቅርታውም አማረበት። ይህ ሰው ምን ቢያደርግ ነው ሰው የሚጠላው? እያልኩ ደብተሬን አጠፍኩ።

ወደ ገርጂ ስንመለስ

ሚኒባሱ ውስጥ ሐያት መስኮቱ ጥግ ተቀመጠች። ሰሚት ስንደርስ ፊቷን ወደ መስኮቱ እንዳዞረች “የቲማቲሙን የጻፍኩት እኔ ነኝ” አለች።

“አንቺ?”

“ንግግሩን የምጽፈው እኔ ነኝ። እማዬ ናት እኮ፣ አባዬ። አላወቅካትም?”

ያኔ ገባኝ። ሐያት የስምንት ዓመት ልጅ ሳለች ታምሜ አንድ ዓመት ሙሉ አልጋ ላይ ዋልኩ። ዘሀራ ገበያ ወጥታ ቲማቲም ሸጠች። ስድን ወደ ማስተማሬ ተመለስኩ፤ ያንን ዓመት ግን በቤታችን አንስተነው አናውቅም። የመምህር ሚስት ማዳበሪያ ዘርግታ ተቀመጠች መባሉን ጠልቼ እኔ ነበርኩ ዝም ያሰኘሁት።

“የእሱ አስመስለሽ ነው የጻፍሽው?” አልኳት።

“‘አንዲት የማውቃት እናት’ ብዬ ነው የጻፍኩት። እሱ ‘እናቴ’ አለው። መጀመሪያ ቀን ስሰማው ደነገጥኩ። ግን ሰው ሁሉ ለእማዬ አጨበጨበ። አየህ፣ ለእማዬ! እንዴት ላቁመው?” እንባዋ መጣ። “ሱቅ እያለሁ አራት ዓመት ሙሉ ‘ምን ታስቢያለሽ?’ ያለኝ ሰው የለም። እሱ ጠየቀኝ፤ የመለስኩለትንም ጻፈው። አንተስ ጠይቀኸኝ ታውቃለህ?”

 ረዳቱ ሒሳብ ሲጠይቀን ሁለታችንም ቦርሳችንን አብረን ከፈትን።

ማታ ሽሮ ሠራችልኝ። ተመለሽ አላልኳትም። “ነገ ምን ልታደርጊ ነው?” አልኳት። ይህንን ያህል እንኳ ተምሬያለሁ። “ቢሮ ሄጄ፣ ከዛሬ ጀምሮ የጻፍኩት እንደጻፍኩት ካልተነበበ አልጽፍም እለዋለሁ” አለች። “እምቢ ካለስ?” “ያኔ ማን እንደሆነ አውቃለሁ።”

ቅዳሜ፣ ወደ ቤት

በመመለሻው መንገድ ደብተሬን ብዙ ጊዜ ገለጥኩ። ወጣቶቹ ለምን ይከተሉታል ብዬ ነበር የሄድኩት። ተታለው ነው ብዬ መልሱንም ከቤቴ ይዤ ነበር የወጣሁት። አሁንም ሰውየውን አላምነውም። የሰው እናት ወስዶ መንገደኛን የሚያስለቅስ ሰው ሌላም ነገር ሊወስድ ይችላል። ነገር ግን ልጄ ወደ እሱ የሄደችው እኔ የዘጋሁትን በር ክፍት አግኝታ ነው። በየቤቱ እንዲህ የተዘጋ ስንት እንዳለ ሳስብ የተከታዮቹ ብዛት አልገረመኝም።

ኮምቦልቻ ስገባ መሽቶ ነበር። ዘሀራ በር ከፍታ “ልጄስ?” አለች። ሁሉንም ነገርኳት፤ ቲማቲሙን፣ ጭብጨባውን፣ ይቅርታውን። ደስ የሚላት መስሎኝ ነበር። ወይም የምታፍር።

ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ አስተካከለች።

“አንተ ደበቅከው፤ እሱ ወሰደው፤ ልጅቷ ጻፈችው” አለች። “ከሦስታችሁ አንዳችሁም እኔን አልጠየቃችሁም።”

ጫማዬን ሳላወልቅ በርጩማው ላይ ተቀመጥኩ። “ያ ዓመት እንዴት ነበር?” አልኳት።

ከመጀመሪያዋ ቀን ጀመረችልኝ።