ተኳሿና «ዩዥዋሊ» የምትባለው ቃል

በአንድ ሆቴል ምድር ቤት ውስጥ፣ ከእንፋሎት ጋር ስትታገል ፀጉሯ የሸበተ ልብስ ተኳሽ ነበረች። ባሏ ቱሪስት የሚያመላልስ ሹፌር ነበር። መኪናው ከተገለበጠ ወዲህ ወገቡ አልታዘዝ ብሎት አልጋ ላይ ቀርቷል፤ ምላሱ ግን እንደ ድሮው ነው። «እኔ ቤት ተኳሽ ስላለች ሌባ ደፍሮ አይገባም» እያለ ጠያቂዎቹን ያስቃቸዋል። ቤቱ የቆመው በእሷ ደመወዝ ብቻ ነው።

ለሆቴሉ አዲስ ሥራ አስኪያጅ መጣ። ሰውዬውም ከጽዳት እስከ ዘበኛ ሁሉም ሠራተኛ እንግሊዝኛ ይፈተን፣ የወደቀ ይሰናበት ብሎ አዘዘ። ለእያንዳንዱ ሰው አንድ አንድ ቃል ተሰጠው፤ በዚያች ቃል ስለ ሥራው ሦስት ዓረፍተ ነገር መናገር አለበት። ለተኳሿ የደረሳት «ዩዥዋሊ» ነበር።

«አፍ ይሞላል እኮ!» አለች የባሏን ትራስ እያስተካከለች።

«አይዞሽ፣ ትንሽ ቃል ናት» አላት ሹፌሩ። «ሁልጊዜ ማለት አይደለም፤ አንዳንዴም አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ ማለት ነው። መጀመሪያ ማን እንደሚሠራው ትናገሪያለሽ፣ ቀጥሎ እሷን ታስገቢያታለሽ፣ ከዚያ የሚሠራው ይከተላል። በይ እስቲ ስለ እኔ አንድ።»

ከንፈሯን ትንሽ ካንቀሳቀሰች በኋላ «አይ ዩዥዋሊ ዋሽ ማይ ሀዝባንድ» አለች።

«ወይ ጉድ! መታጠቤን አደባባይ አወጣሽው! ግን ልክ ነሽ።»

ሁለቱም ሳቁ። ሳቁ ወገቡን ወጋውና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እንደዞረም፣ «መሸምደዱ ይቅርብሽ» አላት። «ሰው ሲደነግጥ የሸመደደው ይጠፋዋል። የምታውቂውን ተናገሪ።»

የምታውቀውማ ትልቁን መተኮሻ ማሽን ነው። እጅ ሥሩ እንዳይገባ ተብሎ፣ ክዳኑ የሚወርደው ግራና ቀኝ ያሉት ቁልፎች በሁለት እጅ ባንድ ጊዜ ሲጫኑ ብቻ ነው። ታዲያ ሁለቱም እጅ ከተያዘ አንሶላውን ማን ይወጥረው? ስለዚህ ተኳሾቹ ከአሮጌ አንሶላ ቅዳጅ ይቀድዱና የግራውን ቁልፍ እንደተጫነ ያስሩታል። በግራ እጃቸው እየወጠሩ በቀኛቸው ይጫናሉ። የቀኑ ክምር የሚያልቀው እንዲያ ሲሆን ነው። አለቃ ሲመጣ ቅዳጇ ተፈታ ሽርጥ ኪስ ትገባለች። የተኳሾቹ ተቆጣጣሪ ካቦውም ያውቃል፤ እንግዳ ይዞ ሲመጣ ገና ከደረጃው ጉሮሮውን የሚጠርገው ለዚሁ ነው።

ከጥቂት ወራት በፊት፣ ከጎኗ የምትሠራው ሳቂታ የሚሏት ሴት ግራ እጇ ክዳኑ ሥር ገብቶ ተቃጠለ። ካቦው «የዚያን ዕለት ብቻ በራሷ ድፍረት አስራው ነው» ብሎ አመለከተ። ተኳሾቹ ተጠርተው እውነት መሆኑን ሲጠየቁ ሁሉም አንገታቸውን ደፉ። የእኛዋም ደፋች። ሳቂታ ተሰናበተች።

የፈተናው ዕለት ተኳሿ ከሥራ አስኪያጁ ፊት ተቀመጠች፤ በእንፋሎት የላላ የእጇ ቆዳ እንዳይታይ ሽርጧ ሥር ደበቀችው። ካቦው ጥግ ወንበር ላይ ሆኖ ፈገግ ይላል።

«አይ ዩዥዋሊ ስታርት አት ሲክስ» አለች።

ሥራ አስኪያጁ በእሺታ ራሱን ነቀነቀ።

«አይ ዩዥዋሊ ፕሬስ ዘ ሺትስ።»

ደግሞ ነቀነቀ። ሦስተኛው ጠፋት። ያሰበችው ሁሉ ውልቅ ብሎ ሄደ፤ ባሏ አልጋው ላይ ሆኖ ሲጠብቃት ታያት። የምታውቂውን ተናገሪ ብሏት የለ?

«ዊ ዩዥዋሊ ታይ ዘ በተን ዊዝ ክሎዝ» አለች። ቁልፉን አብዛኛውን ጊዜ በጨርቅ እናስራለን ማለቷ ነው።

በባዕድ ቋንቋ ቃሉ አፏ ውስጥ ክብደት አልነበረውም። ቃላቱን እንደ ምስር እየለቀመች በየቦታው ስታስቀምጥ፣ የጨነቃት ቦታው ልክ መሆኑ ብቻ ነበር። ምን እንዳለች የሰማችው ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው።

ሥራ አስኪያጁ እስክሪብቶውን አስቀመጠና እንግሊዝኛውን ትቶ፣ «ሁልጊዜ ነው የምታስሩት?» አላት።

«ኧረ ሁልጊዜስ አይደለም ጌታዬ። አብዛኛውን ጊዜ ነው።»

«ሁላችሁም?»

ካቦው ጉሮሮውን ጠረገ። እሷ ግን የጀመረችውን መመለስ አልቻለችም። «ሁላችንም» አለች።

«ዓረፍተ ነገሩ ልክ ነው። አልፈዋል» አላት ሥራ አስኪያጁ።

በማግስቱ መካኒክ መጥቶ ቁልፎቹ ጨርቅ እንዳይታሰርባቸው በብረት አጠራቸው። ክምሩ ግን አልተቀነሰም። ወጣቶቹ ተኳሾች እየሮጡ አንሶላውን ወጠር ያደርጉና ተመልሰው ይጫናሉ። እሷ ጉልበቷ አይሮጥም። «እንግሊዟ መጣች፣ ቦታ ልቀቁ!» ይላሉ በአጠገባቸው ስታልፍ፤ ምሳም ከእሷ ጋር የሚቀመጥ ጠፋ። ክምሯ እያደር ከፍ አለ። ካቦው ግን ከሹመቱ ንቅንቅ አላለም። አንድ ቀን ከሰዓት አጠገቧ ቆመና፣ «እንግሊዝኛሽስ ማለፊያ ነው እናትዬ» አላት። «የዘገየው እጅሽ ነው።» ሽርጧን እንድትመልስ ነገራት።

ለባሏ ምን ብላ እንደምትነግረው አላወቀችም። እግሯ ወደ ሳቂታ ቤት ወሰዳት። ሳቂታ ደጃፏ ላይ በአንድ እጇ ልብስ ከገመድ ታወርዳለች።

«እታለም! ምነው በዚህ ሰዓት? አንቺንም?»

«እኔንም።»

ሁሉንም ነገረቻት። እንግሊዝኛው ላይ ስትደርስ ሳቂታ እንደ ልማዷ ከት ብላ ሳቀች፤ ከዚያ ሳቋ በአፏ ላይ ቀረ።

«ታዲያ ያኔ ስለ እኔ ሲጠይቁሽ ለምን አላልሽውም?»

ተኳሿ «ያኔ የጠየቁኝ በራሳችን ቋንቋ ነዋ» አለች ቀስ ብላ።

ሳቂታ የቀረውን አንሶላ አወረደችና አንዱን ጫፍ ሰጠቻት። ሳቂታ በራሷ በኩል ያለውን አንዱን ማዕዘን በደህና እጇ ያዘች፤ ሌላውን በተኮማተረው እጇ ደረቷ ላይ ለጠፈችው። ጠርዝ ከጠርዝ አጋጥመው አጠፉት። ትንሽ ተዛነፈ፤ ማንኛቸውም አላቃኑትም።

«በይ ሂጂ» አለቻት ሳቂታ፣ ሳታያት። «ሰውዬሽ ብቻውን ነው።»