ፈረስ ያልሆኑ ተከራዮች

ባሕር ዳር በእንስሳት ሐኪምነት ስቀጠር ሥራዬ ላምና በሬ ማከም መስሎኝ ነበር። መሥሪያ ቤቱ ግን ብዙም ሳልቆይ አንድ ኮሚቴ ውስጥ ከተተኝ። ለበዓል ግልቢያና ለውድድር ፈረስ የሚያሠለጥኑ ሰዎች ፈረሶቻቸውን በወጉ መያዝ አለመያዛቸውን የሚመረምር ኮሚቴ ነው። ሦስት ነበርን። ሰብሳቢያችን ከሌላ ክፍል ተዛውሮ የመጣ፣ በዚያ ሙቀት ሱፍ ልብሱን የማያወልቅ፣ ፈረስ ደግሞ አጥብቆ የሚፈራ ሰው ነው። ሁለተኛው የሕንፃ መሐንዲስ ነበር። ሦስተኛዋ እኔ ነኝ፤ መራዊ ተወልጄ ያደግሁ፣ ፈረስ ፈርቼ የማላውቅ።

ለሥራው ብቁ እንድንሆን ተብሎ ሐይቁ ዳር ባለ ሆቴል ሥልጠና ተሰጠን። የታደለን መመሪያ ከቀዝቃዛ አገር መጥቶ ወደ አማርኛ የተመለሰ ነው። መሬት ላይ ለወራት ተከምሮ ስለሚከርም በረዶ አንድ ሙሉ ምዕራፍ አለው። የፈረሱ ብርድ ልብስ ምን ያህል መወፈር እንዳለበት፣ የሚጠጣው ውሃ እንዳይጠጥር ምን መደረግ እንዳለበት ይተነትናል። ማራገቢያው ከላያችን እየዞረ፣ በላብ ተዘፍቀን፣ ስለ በረዶው ማስታወሻ ያዝን። መሐንዲሱ እጁን አወጣና፣ «ይሄ ምዕራፍ እኛን ስለማይመለከት ቢዘለልስ?» ብሎ ጠየቀ።

«መመሪያ አይዘለልም» አለ ሰብሳቢው። «አንዴ መዝለል ከጀመርን ማቆሚያ የለውም።»

መጀመሪያ የሄድነው ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ሐይቁ ዳር፣ ደንገል ከበቀለበት ረግረግ አጠገብ ወዳለ ግቢ ነው። ባለቤቱ የፋብሪካ ሰርቪስ ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡ ሽማግሌ ናቸው። ጡረታ ከወጡ ጀምሮ ፈረስ ያሠለጥናሉ። ፈረሶቻቸው የሚውሉትም የሚያድሩትም አንድ ትልቅ ዋርካ ሥር ነው፤ ዙሪያው በግንድ ታጥሯል፣ ለዝናብ ጊዜ ደግሞ በአንድ በኩል ቆርቆሮ ተጥሎለታል።

ገብቼ አንድ በአንድ አየኋቸው። ጥርሳቸውን፣ ሰኮናቸውን፣ ጀርባቸውን። ኮርቻ የላጠው ጀርባ የለም፤ ልጓም የቆረጠው አፍ የለም። አንዱ ዳማ ፈረስ እንዲያውም ኪሴን በአፍንጫው እየፈተሸ አላስመረምር አለኝ።

«ጤነኞች ናቸው» አልሁት ሰብሳቢውን። እሱ ከአጥሩ ውጭ ቆሟል።

«ጤናቸውን አልጠየቅሁሽም። ጋጣ አላቸው ወይ?»

ጋጣ አልነበራቸውም። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ፈረስ የየራሱ ክፍል እንዲሠራ፣ ወለሉ ሲሚንቶ እንዲሆን፣ መስኮት፣ መብራትና የቧንቧ ውሃ እንዲገባለት፣ በሩም ታችና ላዩ ለየብቻ የሚከፈት እንዲሆን ወሰንን። ፈረሱ አንገቱን አውጥቶ ውጭውን ካላየ ይጨንቀዋል ይላል መመሪያው። ይህ ካልተሟላ ፈረሶቹ ከውድድር ይታገዳሉ።

ሽማግሌው፣ «መብራቱ ለምን ይሆን ጌታዬ? ፈረሱ ምን ያነብበታል?» አሉ።

«ጨለማ ጭንቀት ያመጣል። መመሪያው ላይ አለ።»

«እዚያው ላይ በረዶ የሚባልም ነገር አለ ብለው ሰዎች ነግረውኛል። እሱንም ከአሁኑ ላዘጋጅ?»

«እሱን በሂደት እናየዋለን» አለ ሰብሳቢው፣ ፈገግ እንኳ ሳይል።

ሽማግሌው የቆየ ባሕር ዛፋቸውን ሸጠው ሠሩት። ሲያልቅ ተጠርተን ሄድን። ግድግዳው ተለስኖ ነጭ ተቀብቷል። መስኮቱ ወደ ሐይቁ ያያል። መሐንዲሱ ሜትሩን ዘርግቶ ለካና አመሰገነ። እኔ ግን ውስጥ ቆሜ ቀረሁ። ያን ጊዜ የምኖርበት የኪራይ ክፍል መስኮት የለውም። ውሃ በጀሪካን ተሸክሜ ነው የማመጣው። የአምፖሌ ማብሪያ ማጥፊያም አከራዬ መኝታ ቤት ውስጥ ነበር፤ እሳቸው እንቅልፍ ሲመጣባቸው እኔም ተኛሁ ማለት ነው። ሰብሳቢው ከደጅ፣ «ዶክተር፣ ጉድለት አገኘሽ እንዴ?» አለኝ። «አላገኘሁም» ብዬ ወጣሁ።

በሚቀጥለው ምርመራ ስንመለስ መስኮቶቹ ላይ መጋረጃ አየን። በሮቹ ደጅ ነጠላ ጫማ ተደርድሯል፤ ገመድ ላይ ልብስ ተሰጥቷል፤ ከአንዱ ጋጣ የሽንኩርት ቁሌት ይሸታል።

«ፈረሶቹ የት ገቡ?» አለ ሰብሳቢው።

«ዋርካው ሥር ናቸው» አሉ ሽማግሌው። «አንገባም አሉኝ። ሲሚንቶው ያንሸራትታቸዋል። ቤቱን ባዶውን ከማስቀምጠው ብዬ አከራየሁት።»

ሰብሳቢው መመሪያውን ገለባበጠ። ጋጣው ምን ምን እንዲኖረው ይዘረዝራል እንጂ ማን እንዲኖርበት የሚል አንድም መስመር አጣ። ስለዚህ ምርመራው እንዲቀጥል ወሰነና የመጀመሪያውን በር አንኳኳ። የላይኛው በር ተከፈተና አንድ የኮሌጅ መምህር ክርኑን በታችኛው በር ላይ አስደግፎ ብቅ አለ። የፈተና ወረቀት ሲያርም ነበር።

«ነዋሪው በቂ ብርሃን ያገኛል?» ብሎ ሰብሳቢው ማንበብ ጀመረ።

«አገኛለሁ።»

«ንጹሕ ውሃስ?»

«ድሮ ከነበርሁበት ቤት ይሻላል።»

«የጭንቀት ምልክት ይታይበታል? ለምሳሌ መሬት መቆፈር፣ በር መንከስ?»

መምህሩ ከልቡ አሰበበት። «ደመወዝ ሲዘገይ እጨነቃለሁ። በር መንከስ ላይ ግን አልደረስሁም።»

ሰብሳቢው «አይታይበትም» ብሎ ጻፈ።

ቀጥሎ ያለው ክፍል አስቸገረን። መመሪያው በአንድ ጋጣ አንድ ነዋሪ ብቻ ይላል፤ እዚያ ግን አዲስ ተጋቢዎች ነበሩ፣ ነርስና ባሏ። ሰብሳቢው አንዳቸው መውጣት አለባቸው አለ። ባልየው ግራ ገብቶት ሚስቱን አየ፤ እሷም መሐንዲሱን አየችው። ነፍሰ ጡር ነበረች። መሐንዲሱ መመሪያውን ሲያገላብጥ ቆይቶ፣ «ለመውለድ የተቃረበች ባዝራ ካለች ጠባቂ አብሯት ማደር ይችላል» የሚል ቦታ አገኘ። ባልየው ጠባቂ ተብሎ ተመዘገበ። ሴትዮዋ ስትስቅ ሆዷን ይዛ ተቀመጠች፤ እኔም ሳቄን ለመሸሸግ ፈረሶቹን ልይ ብዬ ወደ ዋርካው ሄድሁ።

ግቢው በከፍተኛ ውጤት አለፈ። «አርአያ የሆነ የፈረስ ማሠልጠኛ» የሚል የምስክር ወረቀት ተሰጣቸው። ሰብሳቢው ለወረቀቱ ርክክብ ፎቶ ሲነሣ ከኋላው ፈረስ እንዲቆም ተጠየቀ፤ ራቅ ብሎ ይሁን አለ።

ወዲያው አከራዬ ክፍሌን ለዘመዳቸው ፈለጉት። ከተማውን ዞሬ ዞሬ ደከመኝና ሽማግሌው ዘንድ ሄድሁ። አንድ ጋጣ እንዳልተያዘ አውቃለሁ።

«አንቺ? ዶክተር ሆነሽ ጋጣ ልትገቢ?» አሉ ደንግጠው።

«ጋሼ፣ መስኮት አለውኮ።»

ፍራሼን በባጃጅ አስጭኜ ገባሁ። እውነቱን ለመናገር፣ ባሕር ዳር ውስጥ እንደዚያ ደልቶኝ የኖርሁበት ጊዜ የለም። መብራቴን ስፈልግ አበራለሁ፣ ስፈልግ አጠፋለሁ። ጠዋት ጠዋት የላይኛውን በር ስከፍት ዳማው መጥቶ አንገቱን ወደ ውስጥ ያስገባል፤ የበሩን ቁመት መሐንዲሱ ለፈረስ ስለለካው ልክክ ይልለታል። ዳቦዬን ካልደበቅሁ ይበላብኛል። ነርሷ ሴት ልጅ ወለደች። ገንፎውን ዋርካው ሥር በላን፤ መምህሩ እንኳ ቀይ ብዕሩን አስቀምጦ መጣ።

ሰብሳቢያችን በዚያ አርአያ ማሠልጠኛ ምክንያት ዕድገት አገኘና ሄደ። በምትኩ የመጣው ወጣት ደግሞ ነገሩን አጣርቶ ደብዳቤ ጻፈ። ለፈረስ ደኅንነት የተሠራ ቤት ለሌላ ጥቅም መዋሉ የፈረስን መብት ስለሚጥስ፣ «ፈረስ ያልሆነ ነዋሪ ሁሉ» በአስቸኳይ ይልቀቅ ይላል። ደብዳቤውን እንድታደርስ የታዘዘችው የኮሚቴው ሐኪም ናት። መንገዱን ታውቀዋለች ተባለ።

በመሥሪያ ቤቱ መኪና ሄጄ የጎረቤቶቼን በር አንኳኳሁ። መምህሩ አንብቦ ሲጨርስ፣ «አንቺስ?» አለኝ።

«ለእኔም ደርሶኛል።»

የራሴን ቅጂ ላይ፣ አስረካቢ በሚለውም ተረካቢ በሚለውም ሥር እኔው ፈረምሁ። አዲሱ ሰብሳቢ ተመልክቶት ማኅተሙ ደብዝዟል ብቻ አለ።

ተበተንን። መምህሩ መስኮት የሌለው ክፍል ከጓደኛው ጋር ተጋርቶ ገባ። ነርሷ ልጇን ታቅፋ ወንዛዬ ያሉ ወላጆቿ ዘንድ ሄደች፤ ባሏ ጠባቂነቱ ቀርቶ ቅዳሜ ቅዳሜ የሚመጣ እንግዳ ሆነ። እኔን የሥራ ባልደረባዬ ሳሎኗ ውስጥ አስጠጋችኝ። ሽማግሌው በታዘዙት መሠረት ፈረሶቹን ሊያስገቡ ታገሉ። በገብስ አባበሉ፣ በልጓም ጎተቱ። ዳማው ሁለት እግሩን አስገብቶ ሲሚንቶው ላይ ተንሸራተተና ወደ ኋላ ወጣ፤ ሌሎቹ እሱን አይተው ጭራሽ አልሞከሩም። በመጨረሻ ጋጣዎቹ ተቆለፉ። ሰው እንዳያድርባቸው ዘበኛ ተቀጠረ።

ባለፈው ጊዜ ለምርመራ ሄደን ነበር። አዲሱ ሰብሳቢ ከጋጣ ጋጣ እየዞረ ተደሰተ። ፋንድያ የለ፣ ዝንብ የለ፣ ወለሉ ያብለጨልጫል። የእኔ የነበረው ክፍል ግድግዳ ላይ ግን ሚስማር አየ። ነጠላዬን የምሰቅልበት ነበር።

«ይሄ ፈረስ ሊጎዳ ይችላል። ይነቀል።»

ጉጠት ተቀብዬ ነቀልሁት። ሽማግሌው በሩ ላይ ቆመው ያዩኛል። ሌሎቹ ሲወጡ፣ «ተዪው፣ ቀዳዳውን እኔ እደፍነዋለሁ» አሉኝ።

ከዚያ ዋርካው ሥር ሄጄ የዳማውን ሰኮና አንሥቼ ማየት ጀመርሁ። አዲሱ ሰብሳቢ መኪናው ጋ ሆኖ ጠራኝ።

«ዶክተር፣ እንሂድ እንጂ! እኛን የሚመለከተን ጋጣ ውስጥ ያለው ነው።»

የቀሩትን ሦስት እግሮች አይቼ ስጨርስ ሄድሁ።