አማቼ የሚገርፏት ዳማ ከሴ

ቢቸና ውስጥ አማቼን የማያውቅ አልነበረም፤ ዳማ ከሴ የሚገርፉት ሽማግሌ እሳቸው ነበሩ። ለምች የሚሆነውን ቅጠል ሊቆርጡ ሲያስቡ ሳምንት ቀድመው ተክሏን ውኃ ይከለክሏታል፣ ጧት ጧት ደግሞ በቀጭን አርጩሜ ቸብ ቸብ ያደርጓታል። መንገደኛው ያሾፍባቸዋል።

«አባባ፣ ዛሬስ ምን አጠፋች?»

«ምንም አላጠፋች። ሲመቻት ትሰንፋለች፤ ሲከፋት ነው ኃይሏን ቅጠሏ ላይ የምታወጣው።»

እኔ በሙሽርነቴ አሳዘነችኝና ተደብቄ አጠጣኋት። በማግስቱ አንድ ቅጠል አሽተው አሸተቱና፣ «ልጄ፣ አዘንሽላት አይደል? በይ፣ እንደገና ልንጀምር ነው» ብለው ሳቁ።

ምች የመታው ሰው የእሳቸውን ፍለጋ ከሞጣ ድረስ ይመጣ ነበር። ጠረኗ ከአጥር ውጭ ነበር የሚቀበለው። በዚህ እኮራለሁ፤ ልጆቼም ይኩሩ ብዬ ነው ይኼን የምጽፈው።

ካረፉ ወዲህ ግን ፈራሁ። ምን ያህል እንደሚመቷት አንድም ቀን አልጠየቅኋቸውም። እሰብራታለሁ ብዬ ስተዋት ክረምቱን ውኃ ጠጥታ ቅጠሏ ሰፋ፣ ሽታዋ ጠፋ። እሳቸው የሚቆሙበት ቦታ ሣር በቅሎበታል።

ባለፈው ሰኞ አንዲት የሞጣ ሴት ባሏን ምች መትቶት ቅጠል ለመነችኝ። ልቆርጥላት እጄን ዘረጋሁና መለስሁት። በአማቼ ስም ደካማ ቅጠል እንዴት ልስጥ?

«እህቴ፣ እሱን ጤና ጣቢያ ውሰጂው። ይቺ ገና አልደረሰችም፤ ዛሬ እጀምራታለሁ፣ የሚቀጥለው ሰኞ ነይ» አልኋት።

ከዚህ ቤት ሰው ባዶ እጁን ስሸኝ የመጀመሪያዬ ነው። አላፈርሁበትም።